ቅጠሉና ልኩ፦ የቀድሞው የቤት መድኃኒት ሲዳሰስ

በቀድሞው የአገራችን ቤት «የመድኃኒት ሣጥን» ተብሎ ለብቻው የተቀመጠ ዕቃ አይታይም ነበር። መድኃኒቱ ግን በቤቱ ሁሉ ነበረ። ጤና አዳሙና ዳማከሴው በጓሮ፣ ፌጦው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ተልባውና ነጭ ሽንኩርቱ በጓዳ፣ የወይራው ፍልጥና የቀበርቾው ሥር ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣል። እንቆቆውና መተሬው በጨርቅ ተቋጥረው ይሰቀላሉ። የትኛው የት እንዳለ፣ ለየትኛው ሕመም እንደሚሆን፣ ለማን እንደሚከለከል የምታውቀው የቤቱ እመቤት ነበረች። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት የተወለደው ከዚህ ኑሮ ነው። ሐኪም ቤት የቀናት መንገድ በነበረበት ዘመን በሽታን በጠዋቱ መቅደም አማራጭ የሌለው ግዴታ ነበር።

ዛሬ ስለዚህ ውርስ የሚነገረው ነገር በሁለት ጎራ ተከፍሏል። አንደኛው ወገን የአባቶች መድኃኒት ሁሉን ይፈውሳል፣ ፈረንጅ ሰርቆን ነው፣ ኪኒን መርዝ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ነገሩን በሙሉ ኋላ ቀርነት ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም አንድ ጥያቄ ይዘላሉ፤ ይኸውም ስንት፣ ለማን፣ መቼ፣ እስከ ምን ድረስ የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ ከጓሮው እስከ ብራናው፣ ከኮሶው እስከ ፋርማሲው ያለውን ሁሉ የሚዳስሰው በዚህ በልክ ጥያቄ ነው። የቤት መድኃኒት ትልቁ እውቀት ልኩ ነበር፤ ትልቁ ድክመቱም እዚያው ልኩ ላይ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በጓሮና በጓዳ የነበረው

በመጀመሪያ የዕለት ተዕለቱን እንመልከት። ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የከንፈር ቁስል ይዞ የሚመጣውን ምች የሚባለውን ሕመም ቤተሰቡ በዳማከሴ ይቀበለዋል። ቅጠሉ በመዳፍ ይታሽና ጭማቂው ይሸተታል፣ ግንባርና ፊት ይቀባል፤ ከቡና ጋር ጠብ አድርጎ የሚጠጣም አለ። ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም ከነጭ ሽንኩርት ጋር ይሰጣል። ሕመሙ ድንገት የጣለው ሰው ደግሞ ስሙን ከዚሁ ያገኘውን የድንገተኛ ሥር አኝኮ ውሃውን ይውጣል። ጉንፋን ሲይዝ ጥቁር አዝሙድ ሞቅ ተደርጎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተቋጥሮ ይሸተታል፤ ዝንጅብል፣ ማርና የጦስኝ ሻይ ይከተላሉ። ለድርቀት ተልባ ይበጠበጣል። ለጨጓራ አብሽ፣ ለጭርት የብሳና ወተት፣ ለቃጠሎ እሬት ወይም ማር፣ ሆድ ሲነፋ ፌጦ፣ ለአራስ ገንፎና አጥሚት፣ ከወሊድ በኋላም የወይራ ጭስ ይዘጋጃል።

ይህ ዝርዝር የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ ብሔረሰብ ሀብት አይደለም። በሙስሊሙ ቤት ጥቁር አዝሙድና ማር የተለየ ክብር አላቸው፤ ጥቁር አዝሙድ በነቢዩ ሐዲስ፣ ማር ደግሞ በቁርኣን ፈውስነታቸው ተነግሯል። በክርስቲያኑ ቤት ቅጠሉ ከጠበሉ ጋር አብሮ ይሄዳል። አማራው ኮሶ የሚለውን ኦሮሞው ሄቶ፣ አማራው እንቆቆ የሚለውን ኦሮሞው ሃንቁ እያለ ለዚያው ሕመም ይጠቀምበታል። ገበያው የጋራ ስለነበር መድኃኒቱም የጋራ ሆኗል። ቆላው ሥርና ሙጫ፣ ደጋው ኮሶና ጦስኝ ያመጣል፤ መካከል ላይ ቅመም ሻጯ ተቀምጣ ሁሉንም በየቋጠሮው ትሸጣለች። በመርካቶ ይህ ንግድ ዛሬም ቀጥሏል።

ቤቱ ያልቻለውን ወደ ውጭ ይልከዋል። ስብራትና ውልቃት ወደ ወጌሻ፣ ምጥ ወደ ልምድ አዋላጅ፣ የከረመ ሕመም ወደ መድኃኒተኛ ወይም ወደ ደብተራ፣ ሁሉም እንቢ ያለው ደግሞ ወደ ጠበል ይሄዳል። ይህ ቅደም ተከተል ሲታሰብ የቤት መድኃኒት ሥራው ምን እንደነበረ ግልጽ ይሆናል። የቤት መድኃኒት ቀላሉን ሕመም እዚያው ማስቆም፣ ከባዱን ከቀላሉ መለየትና ጊዜ መግዛት ነበረበት። ጥሩ የቤት እመቤት የምትባለው ሁሉንም የምትፈውስ አልነበረችም። «ይኼ የእኔ አይደለም» ብላ በሽተኛውን በቃሬዛ የምታስወጣበትን ሰዓት የምታውቀው ናት።

መለኪያውም የራሱ ነበር። ቁንጥር፣ ጭብጥ፣ ስኒ፣ ዋንጫ፣ ፍሬው በቁጥር፣ ቅጠሉ በእጅ ሙሉ ይለካል። «በባዶ ሆድ»፣ «ፀሐይ ሳይወጣ»፣ «ለነፍሰ ጡር አይሰጥም»፣ «ከሦስት ቀን አይለፍ» የሚሉት ትእዛዞች የመድኃኒቱ አካል ነበሩ። ይህ ሁሉ በቃልና በእጅ፣ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የቃል እውቀት ግን ጭብጡን የሚጨብጠው እጅ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ቅጠሉ በበጋ ይቆረጥ በክረምት አይመዘግብም። በዚህ ረገድ ከኮሶ የበለጠ የሚያስተምር ምሳሌ የለንም።

ኮሶ፦ ከማዕዳችን የተወለደ መድኃኒት

ጥሬ ሥጋ የምንወድ ሕዝብ ነን፤ የኮሶ ትልም ከዚያው ፍቅራችን ይመጣል። ትሉ በበሬ ሥጋ ውስጥ እንደ ትንሽ ከረጢት ተኝቶ ይቆይና በሰው አንጀት ውስጥ ርዝመቱ በሜትሮች የሚቆጠር ጥብጣብ ሆኖ ያድጋል። መድኃኒቱ በደጋው የሚበቅለው የኮሶ ዛፍ አበባ ነው። ዛፉ ወንድና ሴት አለው። ለመድኃኒትነት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ሲሆን ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። መራራነቱ ቋንቋችን ውስጥ ገብቷል፤ ፊቱን የሚያከፋ ሰው ዛሬም ኮሶ የጠጣ ይመስላል እንላለን።

ኮሶ መጠጣት በየሁለት ወሩ ገደማ የሚመለስ የቤት ሥርዓት ነበር። ጌታም ሎሌም በዚያ ቀን ቤቱ ይውላል፤ «ኮሶ ጠጥቷል» የተባለ ሰው ከሥራም ከግብዣም በክብር ይቀራል። የውጭ ተጓዦች ይህን ልማድ እንደ እንግዳ ነገር ጽፈውታል፤ ልማዱ ግን ምክንያት ነበረው። ኮሶው ብዙ ጊዜ የትሉን ሰውነት ያስወጣና ራሱን አንጀት ላይ ይተወዋል። የቀረው ራስ እንደገና አድጎ ቁርጥራጩን ማሳየት የሚጀምረው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ሥጋው ስለማይቆም አዲስ ትልም ይገባል። የጥንት ቤተሰብ የትሉን የሕይወት ዑደት በአጉሊ መነጽር አላየም፤ የመመለሻ ጊዜውን ግን በልምድ ለክቶ የመጠጫውን ቀን ከዚያ ጋር አስማምቶታል። ይህ በእውነት የሚደነቅ እውቀት ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1771 በአገራችን ሳለ ኮሶን አይቶ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ለአውሮፓ አስተዋወቀ። ለወዳጁ ለጆሴፍ ባንክስ ክብር ስም ቢያወጣለትም ዛፉ በመጨረሻ የጸናው ሃጌንያ አቢሲኒካ በሚለው ስም ነው። ሃጌንያ የሚለው የጀርመናዊውን የመድኃኒት ቀማሚ የካርል ሃገንን ስም ይዟል። ቆየት ብሎ ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በቁስጥንጥንያ የኮሶን ፈውስ ተመለከተ፤ ከዚያም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አበባው በአውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት ተመዘገበ፣ በውድ ዋጋም ተሸጠ። የአውሮፓ ቀማሚዎች ልኩን እስከ ግማሽ አውንስ፣ ማለትም 15 ግራም ገደማ አድርገው ወሰኑት። የጎጃምና የሸዋ እናቶች በጭብጥ የሚያውቁት ነገር በሚዛን ላይ የወጣው ያኔ ነው።

ኮሶ ግን ሌላም ገጽ አለው። ልኩ ሲያልፍ ያስመልሳል፣ ያዝላል፣ ልብን ያስጨንቃል፤ የዓይንን ነርቭ ጎድቶ እስከ መታወር ያደረሰባቸው ሰዎችም በሕክምና ተመዝግበዋል። ነፍሰ ጡርን ጽንስ ያስጨነግፋል። አንዱ በዋንጫ ጠጥቶ በሰላም የዋለበት መጠን ሌላውን አልጋ ላይ ያስቀራል። የአበባው ኃይል እንደ ዕድሜውና እንደ አቀማመጡ ስለሚለያይ የትናንቱ ጭብጥ ከዛሬው ጭብጥ ጋር አይተካከልም። ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የተባሉት ኪኒኖች ሲመጡ ሕዝቡ ኮሶን ቶሎ የተወው አገሩን ስለጠላ አይደለም። ትሉን የሚያስወግድ፣ ልኩ የታወቀና ቀን የማያስውል መድኃኒት ስላገኘ ነው። እንቆቆና መተሬም የደረሰባቸው ዕጣ ተመሳሳይ ነው። ኮሶን ማክበርና ኮሶን አለመጠጣት አብረው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው።

ወረርሽኝ ሲመጣ

በቤት የሚደረግ መከላከል ከቅጠል አልፎም ይሄድ ነበር። ፈንጣጣን ለመከላከል በአገራችን ክፍሎች ከአውሮፓው ክትባት መምጣት በፊት የታወቀ ዘዴ ነበር። በሽታው ቀለል ካለለት ሰው ቁስል መግል ተወስዶ ጤነኛው ሰው ክንድ ላይ፣ ተበጥቶ በተዘጋጀ ቆዳ ውስጥ ይገባል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ይህን ጽፎታል። ዘዴው ብዙዎችን አድኗል። ነገር ግን የተከተበው ሰው እውነተኛውን ፈንጣጣ ስለሚሸከም በሽታውን ለጎረቤት ሊያዛምት ይችል ነበር፤ አንዳንዱም በክትባቱ ሞቷል። እ.ኤ.አ. በ1971 የጀመረው ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በአገራችን ይህን ልማድ ገና ሕያው ሆኖ አገኘው። ዘመቻውን የሚያካሂዱት ሠራተኞች አዲሱን ክትባት ይዘው በየገደሉ ሲወጡ ከአሮጌው ክትባት ባለሙያዎችም ጋር መነጋገር ነበረባቸው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ የታየው በነሐሴ 1976 እ.ኤ.አ. ነው።

ሌላው ምስክር የኅዳር በሽታ ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር ዓለምን ያጠቃው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲመታ ሰው በሺዎች ረገፈ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ነበር። ቤተሰብ ያለውን ሁሉ አደረገ፤ ነጭ ሽንኩርት በላ፣ ቅጠል ቀቀለ፣ ቤቱን አጠነ። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠልና መታጠን ከዚያ ወዲህ ዓመት ዓመት የሚደረግ ልማድ ሆኖ «ኅዳር ሲታጠን» በሚለው ስሙ ቀርቷል። ጭሱ ቫይረሱን አልገደለም። ግቢን ማጽዳት፣ ደጅን መጥረግ ግን ለሌላው በሽታ ሁሉ የሚጠቅም ልማድ ነው። የዛሬ ከተሞች ደግሞ ጥርጊያውን ብቻ ቢይዙና ፕላስቲኩን ባያቃጥሉት ይሻላል፤ የፕላስቲክ ጭስ ሳንባን ይጎዳል።

በነገራችን ላይ ለጉንፋን ዛሬ ብዙዎቻችን የምንታጠነው የባሕር ዛፍ ቅጠል አገር የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ገና መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል የሆነው ዛፍ «የአያቶቻችን መድኃኒት» ለመባል በቅቷል። የቤት መድኃኒት ተዘግቶ የኖረ ነገር አልነበረም ማለት ነው። አዲስ ነገር ሲያገኝ ይሞክራል፣ የሚበጀውን ያስቀራል።

በብራና የቀረው

የቤቱ እውቀት በቃል ሲኖር የደብተራው እውቀት በከፊል በጽሑፍ ተመዝግቧል። በየገዳማቱና በየሊቃውንቱ እጅ ያሉት መጽሐፈ መድኃኒቶች በግእዝና በአማርኛ የተጻፉ ሲሆኑ የዕፅ ስም፣ ሥሩን ወይም ቅጠሉን የመጠቀም ትእዛዝ፣ የሚቀላቀለውን ማር ወይም ቅቤ፣ አልፎ አልፎም ድግምትና አስማት ይዘዋል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1930 የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ አሳተመ። ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን ደግሞ በ1968 እና በ1973 ባወጣቸው ሁለት ቅጾች የእነዚህን ጽሑፎች ይዘትና የዕፆቹን ስሞች በሰፊው መረመረ። በአገር ውስጥም ዕፀ ደብዳቤ የተባለው ሥራ በ1989 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሪቻርድ ፓንክረስት በበኩሉ የአገራችንን የሕክምና ታሪክ ከተጓዦችና ከዜና መዋዕል ጽሑፎች ለቅሞ አሰባስቧል።

እነዚህ ሥራዎች ባለውለታዎቻችን ናቸው። ሁሉም ግን የሚያዳምጡት በአብዛኛው የወንዱንና የተማረውን ድምፅ ነው። እናት ለሕፃን ምን ስትሰጥ እንደኖረች፣ ለአራስ ምን እንደከለከለች በብራናው ላይ ጥቂት ነው። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ብሂልም ለጉዳት ዳርጎናል፤ አዋቂው ምስጢሩን ለአንድ ልጁ፣ ያውም በሞቱ ዋዜማ ስለሚያወርስ ብዙው አብሮት ተቀብሯል። ምስጢርነቱ የገቢ ምንጭን ለመጠበቅ ቢጠቅምም ስሕተትንም ከእርምት ጠብቋል። ማንም ያላየው መድኃኒት ማንም አያርመውም።

ጉዳቱን ሳንደብቅ

ውርሳችንን የምንወድ ከሆነ ጉዳቱንም መናገር አለብን። ሕፃን ሲያስለው ወይም ጉሮሮው ሲያብጥ እንጥሉን መቁረጥ፣ ሲያስቀምጠው ደግሞ «ግግ ነው» ብሎ ያልወጣውን ጥርሱን ከድዱ ቆፍሮ ማውጣት ብዙ ሕፃናትን በደም መፍሰስና በኢንፌክሽን አሳጥቶናል። የእትብትን ቁስል ቅቤ ወይም ሌላ ነገር መቀባት ለመንጋጋ ቆልፍ በር ከፍቷል። አራስ ልጅን ቅቤ ማስላስ፣ ወርቅ የሆነውን የመጀመሪያ ወተት፣ እንገሩን፣ እንደ ቆሻሻ ማፍሰስ ልጁን ከመጀመሪያው መከላከያው ለይቶታል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር መስጠትም አደገኛ ነው፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ተህዋስ የሕፃኑን አንጀት ሊያጠቃ ይችላል።

ከቅጠሎቹም መካከል የዋህ መስለው የሚጎዱ አሉ። ጤና አዳም በስሙ ጤና ቢሆንም ነፍሰ ጡር በብዛት ከወሰደችው ማሕፀንን ይቀሰቅሳል፤ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ይቃጠላል። እንዶድ ልብስ ያጠራል፤ ጽንስ ለማስወረድ ብለው የጠጡት ሴቶች ግን በሕይወታቸው ከፍለዋል። ለጥርስ ሕመም ጭሱን የሚታጠኑት አስተናግር ሰውን የሚያስቃዥና ልብን የሚያስደልቅ ንጥረ ነገር አለው፤ ፍሬውን የዋጠ ልጅ ሊሞት ይችላል። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው ንግግር አያቶቻችን የማያውቁት አዲስ ፈሊጥ ነው። እነርሱ «ልክ አለው» ይሉ ነበር፣ ለነፍሰ ጡርም ይከለክሉ ነበር። ዛሬ በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚዘዋወረው ምክር ቅጠሉን ይዞ ክልከላውን ጥሏል፤ ይህ ከቀድሞውም የባሰ ነው።

ፋርማሲው ጓዳ ሲገባ

ዘመናዊው መድኃኒት በአንድ ቀን አልመጣም። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች በአዲስ አበባ ማከም ጀመሩ። ጆርጂያዊው ዶክተር መራብ እ.ኤ.አ. በ1910 በከተማዋ ፋርማሲ ከፈተ፤ ስለ አገሩ ሕመምና መድኃኒት ያየውንም በሦስት ቅጽ ጻፈ። በመቅደላ ጦርነት በሕፃንነታቸው ተወስደው በእንግሊዞች እጅ አድገው ሐኪም የሆኑት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ አገራቸው ተመልሰው ወገናቸውን አገለገሉ። ከዚያ ወዲህ በከተማው ጓዳ አዲስ ዕቃዎች ተደረደሩ፤ አስፕሮ፣ አዮዲን፣ ቀይ መድኃኒት፣ ጂቪ፣ የዓይን ቅባት፣ ስፒሪት። ሰው አሮጌውን ሳይጥል አዲሱን ጨመረ። ትኩሳት ያለበት ልጅ ጠዋት ዳማከሴ ይሸታል፣ ማታ ሽሮፕ ይወስዳል።

መንግሥትም ሁለቱን አብሮ የማስኬድ ሐሳብ አልተለየውም። የአልማ አታ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አጠባበቅን ሲያውጅ የባህል ሐኪሞችንም ሚና ዕውቅና ሰጠ። በማግስቱ ዓመት በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር የባህል መድኃኒት ማስተባበሪያ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ የተሠራው ምርመራ ብዙ ነው፤ ወደ ሕዝቡ የተመለሰው ትምህርት ግን ጥቂት ነው።

በቅጠሉና በኪኒኑ መቀላቀል ውስጥ አዲስ አደጋ ገብቷል። የተረፈ ፀረ ተህዋስ መድኃኒት ተጠቅልሎ ተቀምጦ ለጎረቤት ልጅ ጉንፋን ይሰጣል። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ አሞክሳሲሊን አይፈውሰውም፤ የሚያተርፈው መድኃኒቱን የለመደ ተህዋስ ነው። የደም ግፊት ታማሚው «ሽፈራው ጀምሬያለሁ» ብሎ ኪኒኑን ያቆምና ስትሮክ ይመታዋል። ደም ማቅጠኛ የሚወስደው ሰው በየማለዳው ብዙ ነጭ ሽንኩርት እየዋጠ ለሐኪሙ አይነግርም። ሐኪሙም አይጠይቅም። በሁለቱ ዝምታ መካከል የሚጎዳው በሽተኛው ነው።

በዘመናዊው በኩል ለቤት መድኃኒት ክብር የሚገባው ትልቁ ስጦታ ርካሽ ነው፦ የሕይወት አድን ዱቄት። ተቅማጥ ልጅን የሚገድለው ውሃና ጨው ስለሚያሳጣው ነው። ዱቄቱ ከጤና ኬላ ካልተገኘ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በትክክል ለክቶ መበጥበጥ፣ ልጁንም በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ማጠጣት፣ ጡትና ምግብ አለማቋረጥ ሕይወት ያድናል። እዚህም ቁም ነገሩ ልኩ ነው፤ ጨው የበዛበት ውሃ ልጁን ይጎዳል። አያቶቻችን ይህን ቢያገኙ ኖሮ ከጓዳቸው ባልለዩት ነበር።

ላቦራቶሪው ምን አለ?

የቤት ልማድ ወደ ሳይንስ ሲያድግ ምን እንደሚመስል ያሳየን ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠና ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች መሆናቸውን ስለሚያውቅ የአጣቢዎቹን ልማድ የምርምር ጥያቄ አደረገው። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዓመታት የእንዶድን ዘር መርጦ፣ መጠኑን ለክቶ፣ መርዛማነቱን ፈትሾ ሠራ። ሁለቱ በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 እስኪያርፍ ድረስ የተከራከረለት ጉዳይ የአፍሪካ ምርምር በራሱ መሬት ላይ እንዲታመን ነበር። ሴቶቹ ለዘመናት የያዙት እውቀት ዋጋ ያገኘው ሰው አክብሮ ስላየውና ልኩን ስለፈለገለት ነው።

ሌሎቹም ባዶ አይደሉም። ዳማከሴ በአገራችን ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ ተሞክሮ ትኩሳትን እንደሚቀንስ ታይቷል። በጦስኝ ውስጥ ተህዋስን የሚገቱ ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ዘይቶች አሉ። ተልባ ሲበጠበጥ የሚሰጠው ልጋግ ድርቀትን ማለስለሱ የታወቀ ነው። ማር ለቁስል በሆስፒታልም ተጣርቶ ይሠራበታል። በአይጥ የታየ ነገር ግን ለሰው የተፈቀደ መድኃኒት አይደለም። ከቅጠሉ ወደ ኪኒኑ የሚወስደው መንገድ የመጠን፣ የጉዳትና የንጽሕና ፍተሻ ይጠይቃል፤ ብዙዎቹ ዕፆቻችን በዚህ መንገድ መጀመሪያ ላይ ቆመው ቀርተዋል።

ዕፁም ሊያልቅ ነው

እውቀቱ ብቻ ሳይሆን ተክሉም እየሳሳ ነው። የኮሶ ዛፍ ለጣውላ ተቆርጦ በብዙ ደጋ ተመናምኗል። ከሁሉ የሚያሳስቡት ሥራቸው የሚፈለጉት ናቸው። ቅጠሉ የሚቀጠፍ ተክል ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ የተነቀለ ግን እዚያው ያበቃል። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙት ቀበርቾና ድንገተኛ ከዱር ተቆፍረው በየገበያው ይሸጣሉ፤ የሚተክላቸው ግን ጥቂት ነው። ጦስኝም ከነሥሩ እየተነቀለ ለሻይ ይሸጣል። በውጭ የሚኖረው ወገናችን እንኳ ፌጦና ጥቁር አዝሙድ በሻንጣው ይዞ ይሄዳል፣ በእስራኤልና በአሜሪካ ጤና አዳምን በበረንዳ ማሰሮ ይተክላል። በአገር ቤት ግን ጓሮ በኮንዶሚኒየም ሲተካ ተክሎቹ ቦታ አጥተዋል።

ፍርዱና ጥሪው

ዳሰሳው ሲጠቀለል ቅርሱን በሦስት መደብ ማስቀመጥ ይቻላል። የመጀመሪያው የሚያጽናናና የማይጎዳ ነው፤ የጦስኝ ሻይ፣ ዝንጅብል፣ የተልባ ውሃ፣ ለትልልቆች ማር። ይህን ያለ ፍርሃት እንያዝ። ሁለተኛው ኃይል ያለውና ልኩ ያልተወሰነ ነው፤ ኮሶ፣ እንቆቆ፣ ጤና አዳም በብዛት፣ እንዶድ። ይህን ለተመራማሪው እንስጥ፣ ከጓዳ ግን እናውጣ። ሦስተኛው የሚጎዳ ነው፤ እንጥል መቁረጥ፣ ግግ ማውጣት፣ እትብት መቀባት፣ እንገር ማፍሰስ። ይህን ያለ ይሉኝታ እንተው።

ሐኪሞቻችን «ቤት ውስጥ ምን ወሰድህ?» ብለው ሳያንቋሽሹ ይጠይቁ። በሽተኛውም ሳያፍር ይንገር፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፣ መድኃኒቱን የደበቀም እንዲሁ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በመደርደሪያ የተኛውን ምርምር በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ለእናቶች ይመልሱ። ሥር ነጋዴዎች ከዱር መንቀሉን ትተው ለሚተክል ገበሬ ዋጋ ይክፈሉ።

አንተም፣ አንቺም የአያት ወይም የእናት ባለጸጋ ከሆናችሁ በዚህ ሰሞን ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። የዕፁን ስም፣ የበቀለበትን ቦታ፣ የሚወሰደውን ክፍል፣ አሠራሩን፣ መጠኑን በስኒና በማንኪያ፣ ለስንት ቀን እንደሚወሰድና ለማን እንደሚከለከል ጻፉ። የጻፋችሁትን ለአካባቢያችሁ ፋርማሲስት አሳዩት። ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው እነርሱ በሕይወት ሳሉ መጀመርን ነው።